ራጁ ያላየውን ማን አየው?

በቅርቡ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ከአዲ አርቃይ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ወጣት ሲሆን፣ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ፣ አነጋገሩም የታረመ ነው። ደብዳቤው አራት ገጽ ሙሉ ስለ ሆነ እንዳለ ለማተም ቦታ አይበቃም። ስለዚህ አንባቢዎቼ ሆይ፣ ታሪኩን አሳጥሬ ልንገራችሁና ወደ ጥያቄው እንሻገር።

የወጣቱ አጎት ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ገበሬ ናቸው። ከገበያ ሲመለሱ የተቀመጡባት በቅሎ ደንብራ ጣለቻቸውና ራሳቸውን ድንጋይ መታቸው። ጥቂት ደም ፈሰሳቸው፤ ቁስሉ በነጠላ ታሰረ፤ በሳምንቱም ደረቀ፤ ነገሩ ተረሳ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ግን ሽማግሌውን ማለዳ ማለዳ ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። ቆይቶም ግራ እግራቸው ይጎተት፣ የልጆቻቸው ስም ይምታታባቸው፣ ጧት የተናገሩትን ማታ ይረሱት ጀመር። ከቤተ ዘመዱ ግማሹ «እርጅና ነው» አለ፤ ግማሹም «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። የጤና መኮንኑ ግን የበቅሎዋን ታሪክ በሰማ ጊዜ «ነገ ሳትሉ ወደ ጎንደር ውሰዷቸው» ሲል አዘዘ። (በነገራችን ላይ ጤና መኮንን የሚባለው ሞያ በአገራችን የተጀመረው እዚያው ጎንደር ነው። የመጀመሪያዎቹን ያሠለጠነው በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲሆን፣ ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ «በእኛ አቆጣጠር» ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ የአውሮፓውያን ናቸው።)

ሽማግሌውን ይዘው ዛሪማን አለፉ፤ ሊማሊሞን ወጡ፤ ከደባርቅ በኋላ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጎንደር ገቡ። እዚያም ራሳቸውን ራጅ ተነሡ። ውጤቱ «አጥንቱ ደኅና ነው፤ ስብራት የለም» የሚል ሆነ። ዘመዶቻቸው ተመስገን ብለው ጓዛቸውን ሲጠቀልሉ ሐኪሙ ሌላ ወረቀት ጻፈና «ሲቲ ስካን ይነሡ» አለ። ወጣቱ እንዲህ ይላል፦ «ከሁሉ አብልጬ የተቃወምሁት እኔ ነበርሁ። የተማርሁ እኔ ነኛ! ራጁ ደኅና ነው ካለ ሁለተኛ ገንዘብ የምናወጣው ለምንድን ነው ብዬ ተከራከርሁ። በክርክር አንድ ሌሊት አለፈ።»

በማግሥቱ ተነሡ። በራስ ቅላቸውና በአንጎላቸው መካከል፣ በቀኝ በኩል፣ የቆየ ደም ተኝቶ አንጎሉን ወደ ግራ ሲገፋ ተገኘ። ቀዶ ጥገና የሚያደርገው ሐኪም በራስ ቅሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ በስቶ ደሙን አወጣው። «ዛሬ አጎቴ በቤታቸው ናቸው። እኔንም በስሜ ይጠሩኛል። በቅሎዋን ግን ሸጠዋታል» ብሎ ወጣቱ ታሪኩን ይጨርስና እንዲህ ሲል ይጠይቃል፦ «ራጅም ጨረር ነው፤ ሲቲ ስካንም ያው ጨረር ነው ብለውኛል። ጨረሩ አንድ ከሆነ ራጁ ያላየውን ሁለተኛው እንዴት አየው? ደግሞስ ጨረሩ በአጎቴ ሰውነት ውስጥ ይቀራልን?»

ይህ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። ያን ሌሊት ሽማግሌው ተመልሰው ቢሄዱ ኖሮ ሊማሊሞን ዳግመኛ ባልወጡ ነበር። ወጣቱንም አልነቅፈውም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እከራከር ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ራጅ እንነጋገር። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጣሊያኖች ጨረሮችን «ራጂ» ይላሉ። ጨረሩን ያገኘው ግን ዊልሄልም ሮንትገን የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። ታሪክ የሚወድ ተማሪ ይህን ዓመት ሲያይ ልቡ ይነሣሣል፤ አራት ወር ሳይሞላ የካቲት 23 ቀን የዐድዋ ጦርነት ሆኗልና። ጥቂት ወራት እንዳለፈም ጁሴፔ አልቫሮ የሚባል የጣሊያን ጦር ሐኪም በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ወደ ናፖሊ የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንሥቶ ጥይቱ ያለበትን ቦታ አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲያገለግል የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል። እንግዲህ ይህ ጨረር ገና አራስ ሳለ ሥራ የጀመረው አባቶቻችን በተኮሱት ጥይት ላይ ነው ማለት ነው።

ጥይት ለራጅ ይመቻል። ሥጋው ጨረሩን ያሳልፋል፤ እርሳሱ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ጥይቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በአዲ አርቃዩ ሽማግሌ ራስ ውስጥ የነበረው ግን ደም እንጂ ጥይት አልነበረም። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል።

ራጅ የምንለው ሥዕል ፎቶግራፍ ሳይሆን ጥላ ነው። ማታ ኩራዝ አብርታችሁ ጀበና በኩራዙና በግድግዳው መካከል ብታቆሙ፣ በጎኗ ከሆነ አፏም እጀታዋም በግድግዳው ላይ ይታያል። አፏን ወደ ኩራዙ ብታዞሯት ግን ጥላዋ የጠርሙስ ጥላ ይመስላል፤ አፍም እጀታም የለ። ጀበናዋ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው እናንተ የቆማችሁበት ወገን ነው። የራጅ ጥላ ከኩራዙ ጥላ የሚለየው ጨረሩ በነገሩ ውስጥ ዘልቆ ስለሚያልፍ ነው። ሲያልፍም በየመንገዱ ይደክማል፤ በአጥንት ብዙ ይደክማል፤ በሥጋና በውሃ መጠነኛ፤ በአየር ከቁጥር የማይገባ። በመጨረሻ በወዲያኛው በኩል የሚወጣው ጨረር የመንገዱን ድካም ጠቅላላ ድምር ይዞ ይወጣል እንጂ የት ላይ ስንት እንደ ደከመ አይናገርም።

በራስ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጨረሩ የግንባሩን አጥንት፣ ቀጥሎ አንጎሉን፣ ቀጥሎ የማጅራቱን አጥንት ያልፍና ሦስቱንም በአንድ ፊልም ላይ ያትማቸዋል። አንድ ብራና ሳይፋቅ ሦስት ጊዜ ቢጻፍበት ማን ያነበዋል? በዚያ ላይ ደምና አንጎል ጨረርን የሚያደክሙበት መጠን ልዩነቱ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው። አጥንቱ በትልቅ ድምፅ ሲጮህ የደሙ ሹክሹክታ አይሰማም። እንግዲህ ራጁ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል፤ ስለ አጥንት ተጠይቆ አጥንቱ ደኅና ነው አለ።

አሁን ደግሞ ደብዳቤው ወደ ተጻፈበት አገር ልመልሳችሁ። አዲ አርቃይ ቆሞ ወደ ስሜን ተራሮች የተመለከተ ሰው የድንጋዩ ማማና አምባ ሁሉ ጎን ለጎን የተሰለፈ አንድ ግድግዳ ይመስለዋል። የትኛው ቀርቦ የትኛው እንደ ራቀ አይለይም። አውቶቡሱ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ ሲወርድ፣ ከዚያም የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሲይዝ ግን ተራሮቹ የሚራመዱ ይመስላሉ። አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል፤ ከኋላው የተደበቀው ብቅ ይላል፤ ቅርብ ያለው ቶሎ ይሸሻል፤ ሩቅ ያለው ከመንገደኛው ጋር አብሮ የሚጓዝ ይመስላል። በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ ተማሪ በየመታጠፊያው ያየውን ቢሥልና ሥዕሎቹን በኋላ ቢያስተያይ፣ አንዱንም ተራራ ሳይወጣ የአገሩን ካርታ ሊሠራ ይችላል። አንዱ ሥዕል ብቻውን የማይናገረውን ሥዕሎቹ በአንድነት ይናገራሉ።

ሲቲ ስካን ይህንኑ ነው የሚሠራው። ጨረሩ ያው የራጅ ጨረር ነው፤ አዲሱ ነገር መዞሩና መቁጠሩ ነው።

ስለ መቁጠሩ እርሳስ የያዘ ተማሪ ከእኔ ጋር ይምጣ። በደብተራችሁ ላይ አራት ቤት ያለው ካሬ ሥሩ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። በያንዳንዱ ቤት አንድ የተሰወረ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ያ ቤት ጨረሩን የሚያደክምበት መጠን ነው። ጨረሩን ከግራ ወደ ቀኝ ብናሳልፍ የላይኛው ረድፍ ድምር 6፣ የታችኛው ድምር 10 ሆነ እንበል። ከታች ረድፍ ከባድ ነገር እንዳለ ዐወቅን፤ በየትኛው ቤት እንደ ሆነ ግን አናውቅም። ይህ የራጁ ደረጃ ነው። አሁን ከላይ ወደ ታች እናሳልፍ፤ የግራው ዓምድ 6፣ የቀኙ ዓምድ 10 ሆነ። ከታች በስተ ቀኝ ያለው ቤት ተጠረጠረ፤ ነገር ግን አሁንም ቁጥሮቹ እርግጠኛ አይደሉም፤ ላይኛው ግራ 2 ቢሆን፣ ሁለቱ ጎረቤቶቹ 4፣ የመጨረሻው 6 ቢሆኑም ድምሮቹ ሁሉ ይገጥማሉ። ስለዚህ በሰያፍ፣ ከላይኛው ግራ ወደ ታችኛው ቀኝ አንድ ጊዜ እናሳልፍ። ድምሩ 10 ሆነ። አሁን ሥሩት፤ ሦስቱ ቤቶች 3፣ 3፣ 3 ናቸው፤ አራተኛው 7 ነው፤ ሌላ መልስ የለውም። ሳጥኑን ሳንከፍት በውስጡ ያለውን ዐወቅን።

ይህ በትምህርት ቤት የተማራችሁት ያልታወቀ ቁጥርን የመፈለግ ስሌት ነው። ብዙ ተማሪ «ይህ አልጄብራ ለምን ይጠቅማል?» ሲል ሰምቻለሁ። ሽማግሌው በቤታቸው ተቀምጠው የዘመዶቻቸውን ስም የሚጠሩት በእርሱ ነው።

መሣሪያው እንዲህ ነው። በሽተኛው በጠባብ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ይተኛል። ጠረጴዛው መካከሉ በተበሳ ትልቅ ቀለበት ውስጥ ቀስ ብሎ ይገባል። በቀለበቱ ክዳን ውስጥ በአንድ ወገን የራጁ ቱቦ፣ በፊት ለፊቱ ጨረር የሚለኩ ትንንሽ መሣሪያዎች በረድፍ አሉ። ሁለቱም እንደ ተፋጠጡ በሽተኛውን ይዞራሉ። በቱቦው ውስጥ የጋለ ሽቦ ኤሌክትሮን ይለቅቃል፤ 120 ሺህ ቮልት ያህል የሆነ ኀይልም ኤሌክትሮኑን አስፈንጥሮ ቱንግስተን ከሚባል ብረት ጋር ያላትመዋል። የቤታችን መብራት 220 ቮልት መሆኑን አስቡ። ከዚህ ሁሉ ኀይል ጨረር የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ብረቱ በአንድ ቦታ ተመትቶ እንዳይቀልጥ ሁልጊዜ ይሽከረከራል። ስለዚህ መኪናው የማይቆራረጥ መብራትና ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ መግዛቱ አንድ ነገር ነው፤ ማኖሩ ሌላ። ስለ መግዛቱ ብዙ ሲወራ፣ ስለ መብራቱና ስለ ጠጋኙ ግን ጥቂት ሲባል እሰማለሁ።

አንድ ዙር ዛሬ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ዙር ከብዙ መቶ አቅጣጫ የተለካው ሁሉ ወደ ኮምፒዩተሩ ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩም አራት ቤት ሳይሆን 512 በ512፣ ማለትም 262,144 ቤት ያለውን ካሬ ይፈታል። የሚወጣው ሥዕል ራሱን በአግድም እንደ ድፎ ዳቦ የቆረጡት ያህል ነው፤ ከቆረጣው በቀር።

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ያሰበው ማነው ብትሉኝ፣ መልሱ በአፍሪካ ነው። አለን ኮርማክ በጆሐንስበርግ በ1924 የተወለደ የፊዚክስ መምህር ነበር። በ1956 በኬፕ ታውን ያለው የግሩት ሹር ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሞያው ስለ ለቀቀበት፣ ኮርማክ በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እየመጣ የጨረሩን ሥራ እንዲቆጣጠር ለመኑት። እዚያም ሐኪሞቹ ለነቀርሳ በሽተኛ ጨረር ሲመጥኑ የሰው ሰውነት ሁሉ አንድ ወጥ እንደ ሆነ አድርገው ሲያሰሉ አየ። አጥንት አለ፤ ሳንባ አለ፤ እንዴት አንድ ወጥ ይሆናል? የውስጡን ልዩነት ከውጭ በመለካት ማወቅ ይቻላል ብሎ ስሌት ጀመረ። መካከሉ አሉሚኒየም፣ ዙሪያው እንጨት የሆነ ክብ ነገር አሠርቶ ለካ። ስሌቱ ደግሞ ያልጠበቀውን ነገር ነገረው፤ የአሉሚኒየሙ መካከል ከዳሩ ጥቂት ይለያል አለ። ኮርማክ ተሳስቻለሁ ብሎ ወደ ሠራተኞቹ ሄዶ ቢጠይቅ፣ «አዎን፣ መካከሉ ላይ ሌላ ዓይነት አሉሚኒየም ሰክተንበታል» አሉት። ባለቤቱ የማያውቀውን ምስጢር ስሌቱ ዐወቀ! ከዚህ የበለጠ ምስክር ምን ይፈለጋል?

ነገር ግን በ1963 እና በ1964 ያሳተመውን ጽሑፍ ዞሮ ያየው ሰው አልነበረም ቢባል ይቀላል። ቅጂ ላክልን ብለው ከጻፉለት ጥቂቶች መካከል አንዱ በስዊስ አገር የበረዶ ናዳ የሚያጠና መሥሪያ ቤት ነበር፤ የተራራውን በረዶ ሊለኩበት አስበው ኖሯል። ዮሐን ራዶን የተባለ የኦስትሪያ የሒሳብ ሊቅም ይህንኑ ስሌት በ1917 ፈትቶት ነበር፤ ኮርማክ ግን ይህን የሰማው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ትዝ ይሉኛል፤ ስንት የተፈታ ጉዳይ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ፈላጊውን ይጠብቃል!

መኪናውን ሠርቶ ያቆመው ደግሞ ስለ ኮርማክ ሳያውቅ የተነሣ ሌላ ሰው ነው። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በእንግሊዝ አገር በእርሻ ቤት ያደገ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያልነበረው መሐንዲስ ሲሆን፣ የሚሠራውም የዘፈን ሸክላ በማሳተም በታወቀው በኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራው አንድን ነገር ለክቶ ለመጨረስ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ስሌቱም በኮምፒዩተር ሁለት ሰዓት ተኩል። ከዚያ ከቄራ የበሬ አንጎል እያመጣ ይለካ ነበር። በመጀመሪያ ሥዕሉ አላምርለት አለ፤ ምክንያቱ ሲፈተሽ በሬዎቹ ከመታረዳቸው በፊት ራሳቸውን እየተመቱ ስለሚደነዝዙ አንጎላቸው ደም ቋጥሮ ኖሯል። ሳይመቱ በቢላዋ ከሚታረዱበት ከአይሁድ ቄራ ሲያመጣ ሥዕሉ ጠራ። ልብ በሉ፤ መኪናው ገና ሳይወለድ ከተመታ ራስ ውስጥ ደም ለይቷል።

የመጀመሪያዋ በሽተኛ በለንደን አጠገብ በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የተነሣችው በኦክቶበር 1 ቀን 1971፣ በእኛ መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። በአንጎሏ ውስጥ ዕጢ ሳይኖራት አይቀርም ተብሎ የተጠረጠረች ሴት ነበረች። መኪናው በየአንዱ ዲግሪ እየቆመ 180 ጊዜ፣ በያንዳንዱም 160 ልክ ወሰደ፤ 28,800 ቁጥር ማለት ነው። ከዚህም 80 በ80 ቤት የሆነ ሻካራ ሥዕል ወጣ። በሻካራው ሥዕል ላይ ዕጢው ክብ ሆኖ ታየ። በ1979 ኮርማክና ሃውንስፊልድ የኖቤልን ሽልማት በሕክምና ተካፈሉ፤ ሁለቱም ሐኪም አልነበሩም፤ ሁለቱም የዶክተርነት ማዕርግ አልነበራቸውም።

ሐኪሞች ዛሬም በየቤቱ የሚወጣውን ቁጥር በሃውንስፊልድ ስም ይጠሩታል። ውሃ ዜሮ ነው። አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው። ስብ ከዜሮ በታች 100 ገደማ፣ አንጎል ከዜሮ በላይ ከ25 እስከ 40፣ አሁን የፈሰሰ ደም ከ50 እስከ 80፣ ጠንካራ አጥንት 1000 ያህልና ከዚያም በላይ። ስለዚህ ትኩስ ደም በሥዕሉ ላይ ከአንጎል ይልቅ ነጥቶ ይታያል። ደሙ ሲቆይ ግን እየሟሟ ይቀጥናል፤ ቁጥሩም በየሳምንቱ ይወርዳል። ወር ያለፈው ደም ከአንጎሉ ይልቅ ጠቆር ይላል። ወጣቱ ወዳጃችን በደብዳቤው «ሐኪሙ በቀኝ በኩል ጠቆር ያለ ማጭድ የመሰለ ነገር አሳየን» ብሏል። የበቅሎዋ ቀን ደም ያ ነው፤ የራስ ቅሉን ውስጠኛ ግድግዳ ተከትሎ ስለሚዘረጋ ማጭድ ይመስላል። በቀኝ ሆኖ ግራ እግርን የጎተተበት ምክንያትም የቀኙ አንጎል የሚያዘው የግራውን አካል ስለ ሆነ ነው።

በመካከሉ አንድ ክፉ ጊዜ አለ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ደሙ ሲወርድ ከአንጎሉ ቁጥር ጋር ይገናኝና ቀለማቸው አንድ ይሆናል። ያን ጊዜ ቸኩሎ የሚያይ ዓይን ምንም የለም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ልምድ ያለው ሐኪም ግን ደሙን ከመፈለግ ይልቅ የአንጎሉን መካከለኛ መስመር ያያል፤ ከቦታው ከተገፋ የገፋው ነገር አለ። መኪናው ቁጥር ይሰጣል እንጂ ማስተዋልን አይሰጥም። ጤና መኮንኑም ያለ አንዳች መኪና የበቅሎዋን ታሪክ ሰምቶ ነገሩን ግማሽ መንገድ አድርሶት ነበር።

ይህ ጥበብ ለሕያዋን ብቻ አይደለም። በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ በ2008 በአሜሪካ ሳለች በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን ከተማ እንዲህ ባለ፣ ግን ለድንጋይ በሚበረታ መኪና ዐሥር ቀን ሙሉ ተነሥታ ከ35,000 የሚበልጥ ቁራጭ ሥዕል ወጥቶላታል። ከሥዕሎቹ በመነሣት በ2016 አንዳንድ ሊቃውንት በቀኝ ክንዷ አጥንት ላይ ያለው ስብራት ከከፍታ የወደቀ ሰው ስብራት ነው፤ ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው አሉ። አግኚዋ ዶናልድ ጆሃንሰን ግን እንዲህ ያለ ስብራት በመሬት ውስጥ የቆየ አጥንት ሁሉ ላይ ይታያል ብሎ ተቃወመ። እኔ ለየትኛውም አልፈርድም። የሚገርመኝ ግን ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት የሆነ አወዳደቅ ዛሬ እንደ ሽማግሌው አወዳደቅ በአንድ ዓይነት ሥዕል መመርመሩ ነው።

ከእርሷም ይልቅ ልቤን የነካችው ሰላም ናት። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በ2000 በዲኪካ ያገኛት ሕፃን ናት። ጥርሶቿ በዕድሜዋ ልክ ብቅ ያሉት ብቻ አልነበሩም፤ ወደ ፊት የሚበቅሉት ቋሚ ጥርሶቿም በመንጋጋዋ ውስጥ ተደብቀው ነበር። መንጋጋው ቢሰበር ይታዩ ነበር፤ ግን ማን ይሰብረዋል? በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ ባለው በታላቁ የጨረር ማምረቻ ተነሥታ፣ በጥርሷ ውስጥ በየቀኑ የተሠራው ቀጭን መስመር እንደ ዛፍ ቀለበት ተቆጠረ። በ2020 የታተመው ጥናት ሰላም ስትሞት 861 ቀኗ ነበር ይላል። ከ3 ሚሊዮን 300 ሺህ ዓመት በፊት የሞተች ልጅ፣ ዕድሜዋ በቀን!

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ፤ ጨረሩ በሰውነት ውስጥ ይቀራልን? አይቀርም። ኩራዙ ሲጠፋ ብርሃኑ በግድግዳው ውስጥ እንደማይቀር ሁሉ፣ ቱቦው ሲጠፋ ጨረሩም የለም፤ አጎትህን አቅፈህ ብትስም ምንም አይነካህም። ነገር ግን በሚያልፍበት ቅጽበት በሰውነት ሕዋስ ላይ ጥቂት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ ስለዚህ በመጠን ነው የሚታዘዘው። ራስን አንድ ጊዜ ሲቲ ስካን መነሣት 2 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ሰው ሁሉ ከመሬትና ከሰማይ ሳይወድ በዓመት የሚቀበለው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው፤ እንደ ደባርቅ ባለ ደጋ የሚኖር ሰው ደግሞ ከሰማይ የሚወርደው ከቆላው ሰው ይበልጥበታል። ሆድን መነሣት ከራስ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ተራ የደረት ራጅ ግን እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሐኪም ሳያዝ «እስቲ ሁሉንም አካሌን አንሡኝ» ማለት አይገባም፤ ሐኪም ሲያዝ ደግሞ መፍራት አይገባም። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ሳልሆን አልቀርም የምትል ሴት አስቀድማ ትናገር። መድኀኒት በደም ሥር የሚሰጥ ከሆነ ኩላሊቱን የሚያመው፣ ከዚህ በፊትም እንዲህ ያለ መድኀኒት የከበደው ሰው ይናገር። የጆሮ ጌጥና የፀጉር ብረት ይውለቅ፤ ብረት በሥዕሉ ላይ እንደ ኮከብ እየፈነጠቀ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያበላሻል። ደግሞም መንቀሳቀስ አይገባም። የሊማሊሞ መንገደኛ ሲሥል ተራሮቹ በእውነት ቢራመዱበት ካርታው ምን ይሆን ነበር?

ሽማግሌው ግን እንደ ጻፍክልኝ በቀለበቱ ውስጥ ሳሉ «ይህ ነገር መቼ ነው የሚጀምረው?» ብለው ሲጠይቁ «አባቴ፣ አልቋል» ተብለዋል።